የሚሸጥ ስፋት

ሬክስዴል የቶሮንቶዋ ኢቶቢኮ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጎኑ ነው፤ መጋዘንና ፋብሪካ ይበዛበታል፤ በዙሪያው ባሉት ረጃጅም የኪራይ ፎቆች ውስጥ ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከደቡብ እስያና ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይኸው ሰፈር ክሌርቶን የሚባለው የካናዳ ስቴሪዮ አምራች የሠራበት ነው። ኩባንያውን በ1958 የመሠረቱት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ከናዚዎች አምልጦ የወጣው የሃንጋሪ ተወላጅ ፒተር መንክ፣ ሌላው ዴቪድ ጊልሞር (የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ሞክሼ ብቻ ነው)። መንክ ስሙ የገነነው ኋላ በባሪክ የወርቅ ማዕድን ኩባንያ ቢሆንም ንግድ የጀመረው በሙዚቃ ሳጥን ነው። ከዚያ ፋብሪካ እስከ ዛሬው ስልክና ላፕቶፕ ድረስ ለቤት አድማጭ ሲሸጥ የኖረው ተስፋ ብዙም አልተለወጠም፤ ጠባቡ ሳሎን እንደ አዳራሽ ሰፍቶ ይሰማል የሚል ነው። ተስፋው ፈጽሞ ሐሰት ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ነገር ግን ስፋቱን የመፍጠሩ ሥራ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ሶፍትዌር ከገባ ወዲህ አድማጩ ሳያውቀው የሚከፍለው ዋጋ ከብዷል፤ የሚከፍለውም ከድምፁ ጠባይና ከቃላቱ ጥራት ላይ ነው።

የክሌርቶን ዝና ጫፍ የደረሰው በ1964 በወጣው ፕሮጀክት ጂ ነው። ሂዩ ስፔንሰር የነደፈው ይህ ዕቃ ከሮዝውድ እንጨት የተሠራ ረጅምና ዝቅ ያለ ሳጥን ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ጫፎቹ ላይ ድምፅ ማጉያ የያዙ ጥቁር የአሉሚኒየም ሉሎች ተቀምጠውበታል። በዚያው ዓመት በሚላን ትሪየናሌ ተሸለመ፤ በ1967 ‹ዘ ግራጁዌት› በተባለው ፊልም ውስጥ ታየ። ዋጋው ግን ትንሽ መኪና የሚገዛ ስለነበር የተሠራው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ገዢው ከኤሌክትሮኒክሱ ይልቅ በእንጨቱና በሉሎቹ መልክ ሳይማረክ አልቀረም፤ ሉሉን የሳሎን ጌጥ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰውም ብዙ አይሳሳትም። ሆኖም ሉሉ አንድ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ሙዚቃውን አይነካውም። አቅጣጫውን ሲያዞሩት የሚለወጠው ድምፁ ወደ ክፍሉ የሚወጣበት መንገድ ነው፤ ከፊሉ በቀጥታ ወደ አድማጩ ይሄዳል፣ ከፊሉ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። የተመለሰውን ድምፅ ከቀጥታው ጋር አዋህዶ ስፋት የሚያደርገው የአድማጩ የራሱ ጆሮ ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 እንዳሳየው፣ ጆሮ ከመጀመሪያው ድምፅ በኋላ እስከ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ የሚደርሰውን ተመላሽ ድምፅ እንደ ሌላ ድምፅ አይቆጥረውም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ይሰማቸዋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ስፋት ሶፋው ላይ ላለውም፣ በሩ ላይ ለቆመውም ይደርሳል። ክፍሉ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ይሰማል፤ መፍትሔውም ምንጣፍ፣ መጋረጃ ወይም ማጉያውን ፈቀቅ ማድረግ ነው።

ኩባንያው ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1966 በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር መንግሥት ድጋፍ ወደ ስቴላርተን ተዛወረ፤ በቀለም ቴሌቪዥን ላይ የጣለው ተስፋ ከሰረበት፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ተረከበው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ተዘጋ። ክፍሉን እንደ መሣሪያው አካል የማየት ሐሳብ ግን በኦንታርዮ ቀጠለ። ፍሎይድ ቱል ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1991 ድረስ በኦታዋ በሚገኘው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አድማጮችን ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ድምፅ ማጉያ ያስመርጥ ነበር። ስምና ዋጋ ሳያዩ የሚመርጡ ሰዎች፣ በአብዛኛው የሚስማሙት ወደ ፊት የሚወጣው ድምፁ ያልተዛባ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ጠባዩን የማይቀይር ማጉያ ላይ ሆኖ ተገኘ። በሌላ አነጋገር ግድግዳ መትቶ የሚመለሰው ድምፅ ከቀጥታው ጋር በጠባይ ሲመሳሰል ጆሮ ይወደዋል። ከኢቶቢኮ ድንበር ማዶ ሚሲሳጋ ያለው ፓራዳይም፣ እንዲሁም ፒኤስቢ፣ ኢነርጂና ሚራዥ የተባሉት የቶሮንቶ አካባቢ አምራቾች በዚያ ምርምር ላይ ተመሥርተው አደጉ።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ስፋቱን በስሌት መሥራት፣ የተጀመረው እዚያው 1960ዎቹ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን በ1931 ፓተንቱን ያስመዘገበለት ስቴሪዮ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው፤ ከግራው ማጉያ የሚወጣውን ቀኝ ጆሮም ይሰማዋል። በቤል ቤተ ሙከራ የነበሩት ቢሽኑ አታልና ማንፍሬድ ሽሮደር ወደ ማይፈለገው ጆሮ የሚሾልከውን ድምፅ በተቃራኒ ድምፅ ማጥፋት እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ሲሳካ ድምፅ ምንም ማጉያ ከሌለበት ከጎን፣ እንዲያውም ከኋላ ሲመጣ ይሰማል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚፈርሰው ሰው ሲቀመጥበት ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከጎን የመጣ ድምፅ ቅርቡን ጆሮ ከነካ በኋላ ሩቁን ለመንካት የሚፈጅበት ጊዜ ቢበዛ የአንድ ሚሊሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። በ5,000 ኸርዝ ደግሞ የሞገዱ ርዝመት 7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አድማጩ ትንሽ ቢያዘነብል ሊያጠፋው የተላከው ድምፅ ያጎላዋል፤ ሙዚቃውም ቀጭንና ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ የሚያውቀው አንድ ወንበርና አንድ የማይነቃነቅ ራስ ብቻ ነው። እንግዳ መጥቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው በሳሎኑ ዙሪያ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ስፋቱ ለአንዱ ይደርሳል፤ ሌሎቹ የሚሰሙት ትርፍራፊውን ነው።

የ1970ዎቹ ኳድራፎኒክ ስፋቱን በአራት ማጉያ ሊፈጥር ሞክሮ ነበር። ኤስኪው፣ ኪውኤስና ሲዲ-4 የተባሉት አሠራሮች እርስ በርስ ስለማይግባቡ፣ ሳሎን ውስጥም ለአራት ማጉያ ቦታ የሚሰጥ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ከገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ወደ ሁለት ማጉያ ተመለሱ። የካልጋሪው ኪውሳውንድ በ1990 የማዶናን ‹ዘ ኢማኪዩሌት ኮሌክሽን›፣ በ1992 የሮጀር ዋተርስን ‹አሚዩዝድ ቱ ዴዝ› ከማጉያዎቹ ውጭ አስፍቶ አሰማ። በዚያው ዘመን በሂዩዝ ኩባንያ አርኖልድ ክሌይማን የፈለሰፈው ኤስአርኤስ በየቴሌቪዥኑ መግባት ጀመረ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ልማድ ሆኗል፤ ልዩነታቸው ግን ለክርክሬ ዋናው ነው። ኪውሳውንድን የተጠቀመው ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ባለሙያ ነው፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ያውቃል፣ የትኛው ወደ ጎን እንዲሄድ የትኛው መሐል እንዲቀር ወስኗል፣ ውጤቱን ሰምቶ ፈርሞበታል። ኤስአርኤስ ያለቀውን ሥራ ተቀብሎ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ዜናውንም ዘፈኑንም በእኩል የሚያሰፋ ቁልፍ ነው። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር ላይ ያለው አብዛኛው ማስፊያ የወረሰው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ወደ ጆሮ ማዳመጫ ሲመጣ የወንበሩ ችግር ይቀልና የጆሮው ችግር ይተካል። ድምፅ ከላይ ይሁን ከኋላ የምናውቀው የጆሯችን ቅጠል ባለው እጥፋት፣ በጭንቅላታችን ስፋትና በትከሻችን ነው፤ እነዚህ እንደ ጣት አሻራ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ሶፍትዌሩ ግን የተሠራው በአማካይ ጭንቅላት ነው። ብዙ ምርምር ሲመሠረትበት የኖረው፣ በ1994 ኤምአይቲ ውስጥ የተለካው መረጃ የተወሰደው ኬማር ከሚባል አሻንጉሊት ነው። በሌላ ሰው ጆሮ መስማት በሌላ ሰው መነጽር እንደማንበብ ነው፤ ገጹ ይታያል፣ ፊደሉ ግን ይወላገዳል። የታወቁት ምልክቶች ከፊት መምጣት የነበረበት ድምፅ ከኋላ መሰማቱ፣ ድምፃዊው ከአናት በላይ መንሳፈፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የድምፁ ቀለም መለወጡ ናቸው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አቅጣጫን ለመምሰል ሶፍትዌሩ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ክፍል እየቆረጠና እየቀጠለ መሄድ አለበት፤ የመሲንቆው ፀጉር ሲፋተግ የሚሰማው፣ ዘፋኙ ‹ሰ›ን ከ‹ሸ› የሚለይበት ድምፅ የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት እንከኖች ከሳይንስ ይልቅ የዕለት ኑሮ ናቸው። ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ የራሱን ማስፊያ ይዞ ይመጣል፤ የጆሮ ማዳመጫው አምራች ሌላ ይጨምራል፤ መተግበሪያው ሦስተኛ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ በርተው ከሆነ የሰፋው እንደገና ይሰፋል፤ ድምፁ ከቧንቧ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ስሌት ጊዜ ይፈጃል፤ በብሉቱዝ ላይ ሲታከል መዘግየቱ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመዘኛ ድምፅ ከምስል በ125 ሚሊሰከንድ ያህል ከዘገየ ተመልካች ያስተውለዋል፤ ድራማ የሚያይ ሰው አፍና ቃል ተለያዩብኝ የሚለው ከዚህ ነው። ንግግር ደግሞ ባብዛኛው መሐል ላይ፣ በግራና በቀኝ እኩል ይቀዳል፤ ማስፊያው የሚያጎላው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ሙዚቃውና ጫጫታው ሲነሣ ተናጋሪው ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ጆሯቸው ለደከመ አዛውንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ለምን ብዙ ሰው ወደደው? አንዱ ምክንያት ቁልፉ ሲበራ ድምፁ አብሮ ከፍ ማለቱ ነው፤ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ለማንኛውም ጆሮ የተሻለ ይመስላል። የከፍታው ልክ ተስተካክሎ ካልተነጻጸረ በቀር ‹ስከፍተው ይሻላል› የሚለው ምስክርነት ስለ ስፋት ምንም አያረጋግጥም።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ አድማጭ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎዳበት አንድ የተለየ ምክንያት አለው። ከ1969 እስከ 1975 አምኀ እሸቴ በአምኀ ሪከርድስ፣ ቀጥሎም አሊ ታንጎ በካይፋ ያወጧቸው ሸክላዎች የተቀዱት በጥቂት ማይክሮፎን፣ ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ ነው፤ ከፊሎቹ ወደ ዛሬ የደረሱትም ከተጫወተ ሸክላ ወይም ከተገለበጠ ካሴት ላይ ነው። አሁን የማስፊያውን አሠራር እናስታውስ፤ ግራን ከቀኝ ቀንሶ የቀረውን ያጎላል። የሞኖ ሸክላ በስቴሪዮ መርፌ ሲነበብ ሙዚቃው በሁለቱ በኩል አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲቀናነስ ይጠፋል። የሚቀረው የቦዩ አቧራ፣ ጭረቱና መንኳኳቱ ነው። በካሴት ላይ ደግሞ የሚቀረው የቴፑ ሹሹታና የቴፕ ራስ ሲያዘነብል በሁለቱ ትራኮች መካከል የሚፈጠረው መንሸራተት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በታማኝነት ሥራውን ሲሠራ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ መሐል ላይ ጥሎ፣ የሸክላውን ቆሻሻ በሳሎኑ ግራና ቀኝ ይዘረጋዋል። ቀሪው አማራጭ ያልነበረ ልዩነት መፍጠር ነው፤ አንዱን ወገን በጥቂት ሚሊሰከንድ ማዘግየት ወይም ሞገዱን ማጠፍ። ያኔ ሳክስፎኖቹ ይሰፋሉ፤ ድምፁ በአንድ ማጉያ ስልክ ላይ ሲሰማ ግን ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ቤዙም ይሰልላል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተቃራኒውን ችግር ያሳያል። ማኅሌት ከጥንት ጀምሮ የቦታ ሙዚቃ ነው። በቅኔ ማኅሌቱ ካህናቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ እየመሩ፣ ዜማው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ከበሮውና ጸናጽሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይሰማሉ። ሰፊ ድምፅ ለኛ ባዕድ ነገር ነው የሚል ክርክር ካለ እዚሁ ይፈርሳል። ነገር ግን ይህ ስፋት የሕንፃው፣ የሰልፉና የሥርዓቱ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ በስልክ ተቀርጾ ቤት የሚደመጥ ማኅሌት የአዳራሹን ገደል ማሚቶ ይዞ ይመጣል፤ ሶፍትዌሩ በዚያ ላይ ሌላ የማይታይ አዳራሽ ሲጨምርበት ቃሉ በማሚቶ ላይ ማሚቶ ይሆናል። ሊረዳ የሚችለው ነገር በቀረጻው ሰዓት ሁለት ማይክሮፎን በትክክል ማቆም ነበር፤ ያ ካልተደረገ ግራና ቀኙን በኋላ ከምንም አውጥቶ የሚመልስ ቀመር የለም።

ሊነሡ ከሚገባቸው ተቃውሞዎች ጠንካራው የኢቶቢኮው ነው። በኪፕሊንግ ወይም በዲክሰን መንገድ ባሉት የኮንክሪት ፎቆች ውስጥ ማን ነው ድምፅ ማጉያ አዙሮ ግድግዳ የሚያስመታው? ቤዝ በወለሉ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል፤ ሕፃን የተኛበት፣ የሌሊት ሥራ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት ነው። እውነት ነው፤ ለዚህ ኑሮ ጆሮ ማዳመጫ መልስ ነው። ነገር ግን የጎረቤቱን ሰላም የጠበቀው ማዳመጫው ራሱ እንጂ በላዩ የተጫነው ማስፊያ አይደለም፤ ያለ ማስፊያውም ሰላሙ ያው ነው። ማስፊያው የሚያክመው ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ታስሮ የሚሰማበትን ስሜት ነው፤ እሱን የሚቀንስ፣ የግራውን ድምፅ ጥቂት ወደ ቀኝ የሚያሾልክ ቀላል ማዋሀጃ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል፤ የሚያደርሰው ጉዳትም እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዛሬው ሥራ ከድሮው ቁልፍ ይለያል የሚል ነው። በከፊል ይለያል። ዶልቢ አትሞስ በ2012 ለሲኒማ ወጥቶ በ2021 በአፕል ሙዚቃ በኩል ወደ ብዙኃኑ ሲገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ የማስታወቂያ ስሞች አንዱ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው ዘ ዊከንድ (አቤል ተስፋዬ) ነበር። ለአትሞስ ተብሎ በባለሙያ ሚክስ የተደረገ ዘፈን እንደ ኪውሳውንዱ ዘመን የሠሪው ውሳኔ አለበት፤ በቂ ማጉያ ባለበት ክፍል ሲሰማም ዋጋ አለው። ቤት ሲደርስ ግን አብዛኛው አድማጭ የሚሰማው በሁለት ጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ወደ ሁለት የሚያወርደውም የአገልግሎቱ ቀመር ነው። ባለሙያው በዶልቢው ቀመር የሰማውን አድማጩ በአፕል ቀመር ሲሰማው ሌላ ነው። ጆሮን በስልክ ካሜራ ቀርጾ ስሌቱን የግል ማድረግ በአፕል ከ2022 ወዲህ አለ፤ ያሻሽላል፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት የሌላ ሰው ጆሮ ነበር። የሚያሻሽለው ግን የቀመሩን መጨረሻ ነው፤ ሞኖ ሸክላ ገብቶበት ከሆነ ጭረቱን በትክክለኛው ጆሮ ያሰማል። የቪዲዮ ጨዋታን በተመለከተ ተቃዋሚው ረትቷል፤ እዚያ ኮቴው ከየት እንደመጣ ማወቅ ከድምፁ ውበት ይቀድማል፤ ጨዋታውም እያንዳንዱን ድምፅ ከነቦታው ለይቶ ስለሚያቀርብ ሶፍትዌሩ የሚገምተው ነገር ጥቂት ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ቁልፉን በማጥፋት ይመለሳል። የማይመለሰው ማስፊያው በፋይሉ ውስጥ ተጋግሮ ሲቀመጥ ነው። ‹8ዲ› እየተባለ ዘፈኑ በጆሮ ዙሪያ እንዲሽከረከር የተደረገ ቅጂ በዩቲዩብ የተለመደ ሆኗል፤ የድሮ ካሴት የሚጭኑ ቻናሎችም ‹ጥራቱ የተሻሻለ› እያሉ ሞኖውን አስፍተው ይለጥፋሉ። የ1970ዎቹ ሸክላዎች ዋና ቴፕ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ለአንዳንዱ ዘፈን የሚቀረው ምንጭ እንዲህ ያለ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ከታጠፈ ሞገድ ላይ የመጀመሪያውን መልሶ ማውጣት ደግሞ ዛሬ ባሉት መሣሪያዎችም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሸክላና ካሴት እቤቱ ያለ ሰው፣ ቶሮንቶም ይሁን አዲስ አበባ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምንም ሳይጨመርበት የተገለበጠና ያልተጨመቀ አንድ ቅጂ ነው፤ የሚሰፋ ካለም ከዚያ ቅጂ ላይ፣ በየአድማጩ ቤት ይስፋ።